የጉዞ ሽቦ አንቴና ልትሰሩ ነው? ዳይፖል፣ ኢንድ ፌድ፣ ራንደም ዋየር፣ ቨርቲካል ወይስ ደብሌት

ለሃም ራዲዮ ጉዞ ሚሆን አንቴና በእጄ ልስራ ብሎ ኢንተርኔት ላይ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ከገባው በላይ ግራ ተጋብቶ ነው ሚወጣው። አንዱ ኢንድ ፌድ (በጫፉ ሚመገብ ሽቦ) ካልሆነ አትድከም ይላል፣ ሌላው ኢንድ ፌድ ማለት ኃይልህን ፌራይት (የትራንስፎርመሩ ቀለበት) ማሞቂያ ማድረግ ነው ይላል፣ ሶስተኛው ደሞ ይመጣና ቨርቲካል (ቀጥ ብሎ ሚቆም ሽቦ) ከሌለህ ሩቅ አገር አታገኝም ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሚገርመው ሶስቱም እውነታቸውን ነው። እያንዳንዱ እሱ በሚወጣበት ቦታ፣ እሱ በያዘው ራዲዮ፣ እሱ ማናገር በሚፈልገው ርቀት ልክ ነው፣ ግን ቦታውንም ራዲዮውንም ርቀቱንም አይነግራችሁም።

ስለዚ ማን ይሻላል ሚለውን ለጊዜው እንተወውና መጀመሪያ በምን እንደምንመዝን እንስማማ፣ ከዛ አምስቱን አንድ በአንድ እናያለን። ማወራው ከ40 ሜትር እስከ 10 ሜትር ባንድ (በሞገድ ርዝመታቸው ሚጠሩ የድግግሞሽ ክልሎች ናቸው) ስላለው ኤችኤፍ፣ ማለትም አጭር ሞገድ ነው፣ በቦርሳ ተሸክመን ወጥተን ሰቅለን አውርደን ስለምንመለስበት። ቤት ጣራ ላይ ሚቀር አንቴና ሌላ ታሪክ ነው።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው ጥያቄ ምኑ ላይ ነው ምሰቅለው ሚለው ነው። አንድ ዛፍ ነው ያለው? ሁለት? ወይስ ምንም የሌለበት ገላጣ ተራራ ጫፍ? ይሄ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል፣ ወረቀት ላይ አንደኛ የሆነ አንቴና መስቀያ አጥቶ ሳር ላይ ከተዘረጋ ያው ሽቦ ነው። ሚሰበሰብ የፋይበርግላስ ዘንግ ይዛችሁ መውጣት ከቻላችሁ ግማሹ ችግር አለቀ። 6 ሜትሩ ተሰብስቦ ቦርሳ ጎን ላይ ይታሰራል፣ 10 ሜትሩ ግን ብዙ ጊዜ ተሰብስቦም ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚሆንና ስለሚከብድ ለእግረኛ አይመችም፣ መኪና ላላችሁ ግን ምርጥ ነው። የካርቦን ዘንግ አትግዙ፣ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ሽቦው አጠገቡ ሲያልፍ አንቴናው ጸባዩ ይቀየርባችኋል።

ሁለተኛው ርቀት ነው። 300 ወይ 400 ኪሎሜትር ላይ ያለን ሰው ማናገርና ውቅያኖስ ማዶ ያለን ሰው ማናገር ሁለት የተለያየ ስራ ነው። ለቅርቡ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ ከአዮኖስፌር ተመልሶ ዙሪያችሁን መሸፈን አለበት፣ ኤንቪአይኤስ ሚሉት ይሄን ነው፣ 40 ሜትር ባንድ ላይ ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ዳይፖል (መሃሉ ላይ ሚመገብ ባለ ሁለት ክንፍ ሽቦ) ሳታስቡት ይሰራዋል። ለሩቁ ግን ሞገዱ አድማሱን ተጠግቶ ነው መውጣት ያለበት፣ ለዚ ወይ ከፍ ያለ ዳይፖል ወይ ቨርቲካል ያስፈልጋል። በቁጥር ለማየት፣ 6 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ዳይፖል በ40 ሜትር ባንድ ከፍታው የሞገዱ ርዝመት 15 ፐርሰንት ገደማ ብቻ ነው፣ ስለዚ አብዛኛውን ኃይል ወደ ሰማይ ይልከዋል። እዛው ዘንግ ላይ የ20 ሜትር ባንድ ዳይፖል ብትሰቅሉ 30 ፐርሰንት ሆነ፣ ጸባዩም ሌላ ሆነ። እሱኑ ወደ 10 ሜትር ከፍታ ብታወጡት ግማሽ ሞገድ ከፍታ ላይ ነው፣ ዋናው ጨረር ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል። እና 4 ሜትር ከፍታ መጨመር ብዙ ጊዜ የአንቴና አይነት ከመቀየር ይበልጣል፣ ሰው ሁሉ ግን ስለ አይነቱ ነው ሚከራከረው።

ሶስተኛው ቱነር፣ አንቴናውን ከራዲዮው ጋር ሚያጣጥም መሳሪያ፣ አላችሁ ወይ ነው። ራዲዮ ውስጥ ተገጥሞ ሚመጣ ቱነር አብዛኛውን ጊዜ እስከ 3 ለ 1 ኤስደብሊውአር (አንቴናና ራዲዮ ምን ያህል እንደተጣጣሙ ሚያሳይ ቁጥር፣ 1 ለ 1 ፍጹም ነው) ድረስ ነው ሚችለው፣ ከዛ በላይ ለሆነ ሰፊ ክልል ያለው የውጪ ቱነር ይፈልጋል፣ ትናንሽ የኪውአርፒ (በአነስተኛ ኃይል ሚሰሩ) ራዲዮኖች ውስጥ ደሞ ብዙዎቹ ጭራሽ የላቸውም። ቱነር ከሌላችሁ ከአምስቱ ሁለቱ አሁኑኑ ወደቁ ማለት ነው።

ሌሎቹ ቶሎ ሚታለፉ ናቸው። ኃይላችሁ 5 ዋት ነው ወይስ 100? ሞዱስ፣ ማለትም የመላኪያ ዘዴያችሁስ? ኤስኤስቢ፣ በድምጽ ሚወራበት፣ በንግግር መሃል ያርፋል፣ በኮምፒውተር ሚላከው ኤፍቲ8 ግን 12.6 ሰከንድ ሙሉ ሳያቋርጥ ነው ሚልከው፣ ትራንስፎርመር ያለበት አንቴና እዛ ላይ ነው ሚፈተነው። ክብደት ስታስቡ ደሞ ኮአክሱን (ከራዲዮው ወደ አንቴናው ሚሄደውን ኬብል) አብራችሁ መዝኑ፣ ሰው ሽቦውን መዝኖ 100 ግራም ነው ይልና 400 ግራም ኬብል ይሸከማል።

ፍጥነትም አለ። በሶታ ፕሮግራም ከተራራ ጫፍ ነጥብ ለማግኘት ሚያስፈልገው 4 ግንኙነት ነው፣ በፖታ፣ ከፓርኮች ሚሰራበት ፕሮግራም፣ አንድን ፓርክ አክቲቬት ለማድረግ (ለማስቆጠር) 10። ለዚ ተብሎ ሁለት ሰአት ሚፈጅ አንቴና አይዘረጋም። ስለ ኪሳራ ደሞ፣ አንድ ኤስ ዩኒት (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) 6 ዲሲቤል ስለሆነ 1 ዲሲቤል ጠፋ አልጠፋ ማዶ ያለው ሰውዬ ጆሮ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም፣ በ5 ዋት ግን ኪሳራዎቹ እየተደማመሩ 3 እና 4 ዲሲቤል ሲደርሱ ይታወቃል።

ሊንክ ዳይፖል

ዳይፖል መሃሉ ላይ ሚመገብ ግማሽ ሞገድ ሽቦ ነው። ርዝመቱ 143ን በሜጋኸርዝ ማካፈል ነው፣ ለ7.1 ሜጋኸርዝ 20.14 ሜትር ይመጣል፣ በየጎኑ 10.07። ሊንክ ሚባለው ያንኑ ሽቦ መሃል መሃሉ ላይ ቆርጣችሁ ሚከፈትና ሚዘጋ መገናኛ ስታስገቡበት ነው። ከመሃል 5.03 ሜትር ላይ መጀመሪያው መገናኛ፣ እሱ ክፍት ሲሆን 20 ሜትር ባንድ አለ። ከዛ 2.03 ሜትር ጨምራችሁ ሁለተኛው መገናኛ፣ የመጀመሪያው ተዘግቶ ይሄኛው ሲከፈት 30 ሜትር ባንድ ነው። ከዛ የመጨረሻው 3.01 ሜትር ይቀጥልና ሁሉም ሲዘጋ 40 ሜትር። ሙሉው የ40 ሜትር ባንድ ዳይፖል 21 ሜጋኸርዝ አካባቢም ሶስት ግማሽ ሞገድ ስለሚሆን 15 ሜትርን ብዙ ጊዜ በነጻ ታገኛላችሁ፣ ትንሽ ወደ ላይ ፈቀቅ ቢልም።

መገናኛው ክሮኮዳይል ክሊፕም ይሆናል፣ ለመኪና ሽቦ ሚያገለግለው ወንድና ሴት መሰኪያም ይሆናል፣ ዋናው ነገር ውጥረቱን መሰኪያው እንዳይሸከም ነው። በሁለቱ ጫፍ መሃል ትንሽ ፕላስቲክ ወይ አጭር ሲባጎ አስገቡና ሽቦው እሱ ላይ ይታሰር፣ መሰኪያው ላላ ብሎ ጎኑ ይንጠልጠል። ይሄን ካልተጠነቀቃችሁ ንፋስ ሲመጣ አንዱ ጎን ተለይቶ ይወድቃል።

ሁለት ዛፍ አያስፈልገውም፣ አንድ ዘንግ መሃሉን ከፍ አድርጎ ሁለቱ ጎኖች ወደ ታች ተዳፍተው ወደ ካስማ ይታሰራሉ፣ ኢንቨርትድ ቪ ሚባለው። በሁለቱ ክንፎች መሃል ያለው አንግል ከ90 ዲግሪ አይጥበብ፣ ጫፎቹም ከመሬት 2 ሜትር አካባቢ ይራቁ። በ6 ሜትር ዘንግ ይሄን ስታደርጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 18 ሜትር ተኩል ገደማ ቦታ ትፈልጋላችሁ፣ ጠባብ ጫፍ ላይ ይሄ ሊቸግር ይችላል። የዳይፖል ኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ከረንት ሚያሳየው ተቃውሞ) ነጻ ቦታ ላይ 73 ኦም አካባቢ ነው፣ ቪ ሲሆን ደሞ ራዲዮው ወደሚፈልገው 50 ይጠጋል፣ ስለዚ ትራንስፎርመር የለ፣ ቱነር የለ፣ ኮአክሱን ቀጥታ ነው። በመንገድ ላይ ሚጠፋ ኃይል የለም ማለት ይቻላል፣ በ5 ዋት ለሚሰራ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ምንድነው? ባንድ ለመቀየር ተነስታችሁ ሄዳችሁ ሁለቱንም ጎን መክፈት ወይ መዝጋት አለባችሁ። ዝናብ ላይ፣ ቁር ላይ፣ ይሄ ያስመርራል። ሌላው ደሞ ኮአክሱ ዘንጉ አናት ላይ ነው ሚንጠለጠለው፣ ቀጭኗ የላይኛዋ ክፍል ትጎብጣለች፣ ስለዚ ላይኛዎቹን ሁለት ቀጫጭን ክፍሎች አውጥቶ ማስቀረት ወይ ቀላል ኬብል መጠቀም ነው።

ኢንድ ፌድ ሃፍ ዌቭ

አሁን ሁሉም ሰው ሚሰራው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም አለው። ያው ግማሽ ሞገድ ሽቦ ነው ግን በጫፉ ነው ሚመገበው። አንዱን ጫፍ ዛፍ ላይ ትወረውራላችሁ፣ ሌላው ጫፍ እናንተ ጋ ራዲዮው አጠገብ ነው፣ አለቀ። ኮአክስ አየር ላይ አይንጠለጠልም፣ 3 እና 4 ሜትር ኬብል ይበቃል። የ20 ሜትር ሽቦ በ40፣ በ20፣ በ15 እና በ10 ሜትር ባንድ ያለ ቱነር ይሰራል፣ ከመቀመጫችሁ ሳትነሱ። 30 እና 17 ግን የሉበትም።

ሃሳቡ ራሱ የጥንት ነው፣ ከዜፔሊን የአየር መርከቦች ወደ ታች እየተንጠለጠለ ይሰራበት የነበረው ዜፕ አንቴና ያው ነው፣ በጫፉ ሚመገብ ግማሽ ሞገድ።

ዋጋው ትራንስፎርመሩ ላይ ነው። ጫፉ ላይ ኢምፒዳንሱ ሁለት ሺህ ተኩል ሶስት ሺህ ኦም ስለሚደርስ ወደ 50 ለማውረድ 49 ለ 1 ያስፈልጋል፣ ያም ማለት የዙር ብዛቱ 7 ለ 1፣ 2 ዙር በ14 ወይ 3 ዙር በ21። ኮሩ (ሽቦው ሚጠቀለልበት ቀለበት) ሚክስ 43 ሚባል የፌራይት አይነት ነው፣ ለኪውአርፒ ትንሿ ኤፍቲ82-43 ትበቃለች፣ እሷ ላይ ግን 3 በ21 ጠቅልሉ፣ 2 ዙር ብቻ ከሆነ 40 ሜትር ላይ ኢንዳክታንሱ ያንስና ትጎዳላችሁ። ለ100 ዋት ኤፍቲ240-43 ነው ሚታሰበው፣ እሱ ደሞ ሚከብድ ነገር ነው። በመግቢያው ላይ 100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር አብሮ ይገባል፣ ላይኞቹን ባንዶች ያስተካክላል። ካፓሲተሩ ቮልቴጅ ሚችል ይሁን።

ቮልቴጅ ካነሳን፣ በ100 ዋት 2450 ኦም ላይ ወደ 495 ቮልት አርኤምኤስ ነው ሚወጣው፣ ፒኩ 700። በ5 ዋት እንኳን 110 ቮልት አለ። ስለዚ የሽቦው ጫፍ ሰው፣ ልጅ ወይ ውሻ ሚደርስበት ቦታ ላይ አይታሰር፣ የትራንስፎርመሩ ሳጥንም እርጥብ ሳር ላይ አይቀመጥ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ካውንተርፖይዝ (የከረንት መመለሻ ሽቦ) አይፈልግም ሚባለው ልክ አይደለም። ከረንት መመለሻ ይፈልጋል፣ እናንተ ካልሰጣችሁት የኮአክሱን ሺልድ ይዞ ወደ ራዲዮው ይመጣና ማይካችሁን ስትነኩ ይነዝራችኋል፣ ኪየሩ (የሞርስ መምቻው) ይረበሻል። ለ40 ሜትር 2 ሜትር ገደማ ሽቦ ከትራንስፎርመሩ መሬት ጎን ላይ እሰሩና ኮአክሱ ራዲዮው ጋ ሲደርስ ቾክ (በሺልዱ ላይ ሚመጣውን ከረንት ሚያግድ) አድርጉበት፣ ሰላም ታገኛላችሁ።

ኪሳራውስ? በደንብ የተጠቀለለ ትራንስፎርመር ላይ 1 ዲሲቤል አካባቢ ብትቆጥሩ አትርቁም፣ በሰነፍ አሰራር ይብሳል። መለኪያው ቀላል ነው፣ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ኤፍቲ8 ላኩና ኮሩን ንኩት፣ ከመላክ ስታቆሙ ማለቴ ነው፣ ትኩስ ከሆነ ሙቀቱ የእናንተ ሲግናል ነበር። ሌላው፣ 20 ሜትር ሽቦ በ10 ሜትር ባንድ ላይ ሁለት ሙሉ ሞገድ ነው፣ ጨረሩ ወደ ብዙ ቅርንጫፍ ይከፋፈላል፣ በአንዱ አቅጣጫ ይደንቃል በሌላው ይደነቁራል። 10 ሜትር ባንድ ዋና ፍላጎታችሁ ከሆነ በ20 እና በ10 ባንድ ሚሰራውን የ10 ሜትር ሽቦ ስሩ።

ራንደም ዋየር

ስሙ ዝም ብሎ የተቆረጠ ሽቦ ያስመስላል እንጂ ርዝመቱ ራንደም አይደለም። ዘዴው ከየትኛውም ባንድ ግማሽ ሞገድ መራቅ ነው፣ ምክንያቱም እዛ ላይ ኢምፒዳንሱ ሰማይ ይነካል፣ ቱነሩም ይሸነፋል። 12.5 ሜትር ለዚ ነው ሚወደደው፣ ከታች 11.5 አለ፣ ከላይ 13.5 አለ፣ እነዚ የ12 እና የ15 ሜትር ባንድ ሙሉ ሞገዶች ናቸው፣ እሱ መሃላቸው ላይ ተመቻችቶ ተቀምጧል። አጭር ከፈለጋችሁ 8.8 ሜትር፣ ከ20 ሜትር ባንድ ወደ ላይ ጥሩ ነው፣ 40 ላይ ግን አለ ለማለት ያህል ነው።

ሚያስፈልጋችሁ 9 ለ 1 አንአን (ኢምፒዳንሱን ሚያወርድ ትራንስፎርመር)፣ ሽቦው፣ 5 ሜትር ገደማ ካውንተርፖይዝ፣ እና ሰፊ ክልል ያለው ቱነር። ሁሉም ባንድ፣ 30ም 17ም ጭምር። አሰራሩ ከሁሉም ይቀላል፣ ማስተካከል ሚባል ነገር ስለሌለ። ኪሳራው ግን ከሁሉም ይበልጣል፣ አንአኑም ቱነሩም ኬብሉም ትንሽ ትንሽ ይበላሉ፣ ስንት እንደሚበሉ ደሞ አታዩትም ምክንያቱም ቱነሩ ኤስደብሊውአር 1 ለ 1 ብሎ አረንጓዴ መብራት አብርቶላችኋል። ያ መብራት ራዲዮው ደስ ብሎታል ማለት ብቻ ነው። ቱነር ይዞ ለሚዞር ሰው፣ በተለይ ራዲዮው ውስጥ ጥሩ ቱነር ላለው፣ ሳይጨናነቅ ሚወጣበት አንቴና ነው፣ እኔ ግን በ5 ዋት ኤስኤስቢ አልመርጠውም።

ኳርተር ዌቭ ቨርቲካል

ዛፍ ለሌለበት ጫፍና ለሩቅ ጣቢያ ይሄ ነው። 5.03 ሜትር ሽቦ 6 ሜትር ዘንግ ላይ በናስትሮ እያያዛችሁ ታቆሙታላችሁ፣ 20 ሜትር ባንድ ተገኘ። ለ15 ሜትር 3.37፣ ለ10 ሜትር 2.52፣ እንደ ዳይፖሉ መገናኛ አስገብታችሁ ሶስቱንም አንድ ሽቦ ላይ ማድረግ ይቻላል። ቦታ አይፈጅም፣ ጨረሩም ዝቅ ብሎ ነው ሚወጣው። ለቅርብ ግን ደካማ ነው፣ ቀጥታ ወደ ላይ ሚልከው ምንም የለውም ማለት ይቻላል፣ 200 ኪሎሜትር ላይ ያለ ጓደኛችሁ ላይሰማችሁ ይችላል፣ ሌላ አህጉር ያለው ግን ይሰማችኋል።

ጉዳዩ ሁሉ ራዲያል ነው፣ ከአንቴናው ስር ዙሪያውን ሚዘረጉት ሽቦዎች። መሬት ላይ ምታነጥፏቸው ራዲያሎች ርዝመታቸው ብዙም አያስጨንቅም፣ ብዛታቸው ነው ዋናው፣ ሁለት ረጃጅም ከማድረግ ስምንት አጫጭር ይሻላል። ከመሬት ካነሳችኋቸው ግን እያንዳንዱ እንደ ዋናው ሽቦ ሩብ ሞገድ ሆኖ መቆረጥ አለበት፣ ያኔ ሁለት ብቻ በተቃራኒ አቅጣጫ ይበቃሉ። ለጉዞ እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ፣ ስምንት ሽቦ ሳር ውስጥ ለቅሞ መጠቅለል ትዕግስት ያስጨርሳል።

እዚ ጋ ሰው ሚሳሳትበት ነገር አለ። ፍጹም መሬት ላይ ያለ ኳርተር ዌቭ 36 ኦም አካባቢ ነው። ጥቂት ራዲያል ብቻ ስታነጥፉ የመሬቱ ኪሳራ እላዩ ላይ ተደምሮ ወደ 50 ይመጣና ናኖቪኤንኤው (የአንቴና መለኪያው) ላይ ውብ የሆነ ኤስደብሊውአር ታያላችሁ። ራዲያል ስትጨምሩ ኤስደብሊውአሩ ትንሽ ይበላሻል፣ ሲግናላችሁ ግን ይጨምራል። ቁጥሩን ለማሳመር ብላችሁ ራዲያል እንዳትቀንሱ።

ጨዋማ ውሃ ዳር ከሆናችሁ ክርክሩ ያበቃል፣ ባህር ዳርቻ ላይ ቨርቲካልን ሚያህል የለም። በተቃራኒው መኖሪያ ቤቶችና መስመሮች አጠገብ ከሆነ ከዳይፖል የበለጠ የአካባቢ ጫጫታ ይሰበስባል።

ደብሌት በላደር ላይን

ደብሌት እንደ ዳይፖል ሁለት ክንፍ አለው፣ በየጎኑ 6.7 ሜትር፣ ጠቅላላ 13.4፣ መሃሉ ላይ ግን በኮአክስ ፋንታ 300 ወይ 450 ኦም ትይዩ መስመር፣ ላደር ላይን ሚባለው። ከ40 እስከ 10 ሁሉንም ባንድ በአነስተኛ ኪሳራ ይሰራል፣ ትይዩ መስመር ኤስደብሊውአሩ ከፍ ቢልም እንደ ኮአክስ አይበላም። ግን ባላንስድ ቱነር (ለትይዩ መስመር የተሰራ) ወይ ቱነርና ባለን (ትይዩ መስመርን ከኮአክስ ሚያገናኝ ትራንስፎርመር) ይፈልጋል፣ መስመሩ ብረት አጠገብ ማለፍ የለበትም፣ መሬት ላይ አይተኛም፣ ጠፍጣፋው ሲረጥብ ይለወጣል፣ ንፋስ ላይ ይጠመዘዛል። ለአንድ ቦታ ሁለት ሶስት ቀን ለሚሰፍር ሰው ነው ምመክረው።

ሰንጠረዡ

| አይነት | መስቀያ | ባንድ | ቱነር | ርቀት | ኪሳራ | አሰራር |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሊንክ ዳይፖል | አንድ ዘንግ ወይ ዛፍ፣ ሰፊ ቦታ | 40፣ 30፣ 20 (15ም) | አያስፈልግም | ዝቅ ሲል ቅርብ፣ ከፍ ሲል ሩቅ | በጣም ትንሽ | ቀላል፣ መለካትና መቁረጥ ይበዛዋል |
| ኢንድ ፌድ (20 ሜትር ሽቦ) | አንድ ዛፍ | 40፣ 20፣ 15፣ 10 | አያስፈልግም | እንደ አሰቃቀሉ | መካከለኛ፣ ኮሩ ይወስነዋል | ትራንስፎርመሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል |
| ራንደም ዋየር (12.5 ሜትር) | አንድ ዛፍ ወይ ዘንግ | ከ40 እስከ 10 ሁሉም | የግድ | እንደ አሰቃቀሉ | ከሁሉም ይበልጣል | በጣም ቀላል |
| ቨርቲካል | አንድ ዘንግ | 20፣ 15፣ 10 | አያስፈልግም | ሩቅ | ራዲያሉ ይወስነዋል | ቀላል |
| ደብሌት | አንድ ረጅም ወይ ሁለት መስቀያ | ከ40 እስከ 10 ሁሉም | የግድ | እንደ ከፍታው | ትንሽ | ቀላል፣ አያያዙ ያስቸግራል |

ሽቦና ኬብል

ሽቦው ምንም አይነት ልባስ ያለው ብዙ ክር ያለው መዳብ ይሆናል። 0.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ቢሆን 20 ሜትሩ መዳቡ ብቻ 90 ግራም አካባቢ ነው፣ ለኪውአርፒ ከዛም ሊቀጥን ይችላል፣ ግን በጣም ቀጭኑ ይወሳሰባል፣ ቅርንጫፍ ሲይዘውም ይበጠሳል። የሲሊኮን ልባስ ያለው ለስላሳ ነው፣ አይጠማዘዝም፣ ትንሽ ወደድ ቢልም እሱን ነው ምለው። ሁለት ገጽ ያለውን የስፒከር ሽቦ ለሁለት ሰንጥቆ መጠቀምም ይቻላል፣ ከሁሉም ርካሹ መንገድ ነው፣ ዳይፖል ለመስራት አንዱ ጥቅልል ሁለቱንም ክንፍ ይሰጣችኋል።

ኮአክስ ላይ ምርጫው አርጂ58 ወይ አርጂ174 ነው። 10 ሜትር አርጂ58 400 ግራም ሊጠጋ ይችላል፣ በ14 ሜጋኸርዝ ግማሽ ዲሲቤል አካባቢ ነው ሚያጠፋው። 10 ሜትር አርጂ174 120 ግራም ነው፣ ከ1 ዲሲቤል ትንሽ በለጥ ያለ ያጠፋል። በእግር ለሚወጣ ሰው 280 ግራም ለግማሽ ዲሲቤል ሚለው ሂሳብ አያዋጣም፣ አርጂ174 ያዙ፣ ግን አጭር አድርጉት። መኪና ላላችሁ አርጂ58።

እንግዲህ የቱን?

ቱነር የሌለው ትንሽ ራዲዮ ካላችሁና ገና የመጀመሪያ አንቴናችሁ ከሆነ ሊንክ ዳይፖል ስሩ። ኮር አትገዙም፣ ትራንስፎርመር አትጠቀልሉም፣ ካልሰራ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ወይ ርዝመቱ ነው ወይ መገናኛው ነው። ባጀት ጠባብ የሆነበት ሰው ምርጫም ይሄው ነው፣ ሽቦ፣ ሲባጎ፣ አንድ ቢኤንሲ መሰኪያ፣ ጥቂት ክሊፕ። በ40 ሜትር ባንድ ቅርብ ያሉትን ታገኛላችሁ፣ በ20 ሩቅ ያሉትን።

ጫካ ውስጥ ምትወጡ ከሆነ፣ ዛፍ እንደ ልብ ከሆነ፣ ዘንግ መሸከም ካልፈለጋችሁ፣ ኢንድ ፌድ። ባንድ ሳይነሱ መቀየር ለለመደ ሰው ወደ ዳይፖል መመለስ ይከብደዋል፣ እውነት ነው። በ100 ዋት ኤፍቲ8 ለመስራት ካሰባችሁ ግን ትልቅ ኮር ውስጥ ገንዘብ ማውጣት የግድ ነው፣ ወይ ኃይሉን ወደ 30 ዋት ማውረድ።

ገላጣ ጫፍ ላይ ሆኖ ሩቅ አገር ሚፈልግ ሰው ቨርቲካል፣ ከተነሱ ሁለት ራዲያሎች ጋር። በቂ ቦታ ካለ እዛው ዘንግ ላይ ዳይፖሉንም መስቀል ስለሚቻል ሁለቱን አብሮ መያዝ አያስቸግርም፣ አንድ ዘንግ ለሁለት ይሰራል፣ ሽቦ ደሞ ቀላል ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ለረጅም ጊዜ ሚያገለግል ጥምር ይሄ ነው።

ራዲዮው ውስጥ ጠንካራ ቱነር ያለው፣ ሁሉንም ባንድ መቃኘት ሚወድ፣ ቶሎ ሰቅሎ ቶሎ ሚያወርድ፣ ራንደም ዋየር። ካምፕ ላይ ለቀናት ሚቀመጥና ባትሪና ቱነር በመኪና ሚያመጣ ደብሌት።

ስትቆርጡና ስትሰቅሉ

ቀመሩ ሚሰጣችሁ መነሻ ነው። ልባስ ያለው ሽቦ ከቀመሩ ከ2 እስከ 5 ፐርሰንት አጥሮ ነው ልክ ሚሆነው፣ 10 ሜትር ሽቦ ላይ ያ ከ20 እስከ 50 ሳንቲሜትር ማለት ነው። ስለዚ ከቀመሩ ረዘም አድርጋችሁ ጀምሩ፣ በምትጠቀሙበት ከፍታ ላይ ሰቅላችሁ ለኩ፣ ሬዞናንሱ (አንቴናው በደንብ ሚሰራበት ድግግሞሽ) ዝቅ ካለ አሳጥሩ። መጀመሪያውኑ በፒንሳ አትቁረጡት፣ ጫፉን መልሳችሁ በራሱ ላይ እጠፉና እየጠመዘዛችሁ አስሩት፣ የታጠፈው ክፍል ከሽቦው ጋር ተጣብቆ ከሆነ ልክ እንደተቆረጠ ነው ሚቆጠረው። ሊንክ ዳይፖል ላይ ከውስጥ ጀምሩ፣ 20 ሜትር ልክ ሳይሆን ወደ 30 አትለፉ፣ አለዚያ የውስጡን ስትነኩ የውጪው ሁሉ ይፈርሳል።

ኤስደብሊውአር 1.5 ከሆነ ተዉት። 1.5 ላይ ሚመለሰው 4 ፐርሰንት ነው፣ 2 ላይ 11፣ 3 ላይ 25። ብዙ ራዲዮኖች ከ2 በላይ ሲሆን ነው ኃይል መቀነስ ሚጀምሩት፣ 1.3ን ወደ 1.1 ለማውረድ ሰአት ማቃጠል ማንንም አይጠቅምም።

ለመወርወሪያ ከ200 እስከ 350 ግራም ሚመዝን ክብደትና 2 ሚሊሜትር ገመድ ይበቃል፣ ሽቦው ላይ ቀጥታ ክብደት አስራችሁ አትወርውሩ። ከመወርወራችሁ በፊት ግን ወደ ላይ እዩ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ካለና ሽቦው ወይ ዘንጉ ወድቆ እንኳን ሊደርስበት ሚችል ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ፣ እዚ ላይ ድርድር የለም። ነጎድጓድ ከሩቅ ከሰማችሁም ኮአክሱን ነቅላችሁ ዘንጉን አውርዱና ከጫፉ ውረዱ፣ ሎጉ (የግንኙነት መዝገቡ) ላይ 3 ግንኙነት ብቻ ቢሆንም። ሰው ሚያልፍበት ቦታ ላይ ደሞ ሽቦው ላይና ማሰሪያ ሲባጎው ላይ ደማቅ ቀለም ያለው ናስትሮ ወይ ጨርቅ እሰሩበት፣ ቀጭን ሽቦ በአንገት ከፍታ ላይ አይታይም።